ጥፍር ያላሳደገ ጊታር አይነካ ያለው ማነው?

ሰሞኑን በሙዚቃ ክበባችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ላይ ላዩን ሲሰሙት ያስቃል፤ ጉዳዩ ጥፍር ነውና። ጊታርን በጣት መደርደር ሊማር የሚመዘገብ ሠልጣኝ የቀኝ እጁን ጥፍር አሳድጎ ይምጣ የሚሉ አሉ። የለም፣ ጥፍር ይሰበራል፤ ጣት ላይ የሚጠለቀውን መምቻ፣ ፒክ የሚባለውን፣ ገዝቶ ይምጣ የሚሉም አሉ። በዚህ መካከል ጥፍሩም ፒኩም የሌለው ጀማሪ ሳይመዘገብ ቀረ። እኛን ያሳሰበን የክርክሩ አሸናፊ ማንነት ሳይሆን ይኸው ሳይመዘገብ የቀረው ጀማሪ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንድ ክር በምን እንደተነካ ድምፁ ይለያያል። የጣት ሥጋ ለስላሳና ሰፋ ያለ ስለሆነ ክሩን ሲለቀው ሹል የሆነውን ድምፅ ያፍነዋል፤ የሚወጣው ሞላ ያለ፣ ለዘብ ያለ ድምፅ ነው። ጥፍር ጠንካራ፣ ጠርዙም ቀጭን ስለሆነ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ራቅ ብሎም ይሰማል። ፕላስቲክም ይሁን ብረት፣ ፒክ ደግሞ ከሥጋ ይልቅ ጎላ ያለና ሹል ድምፅ ያወጣል። ነገር ግን ጣትና ክር በቀጥታ ስለማይገናኙ ክሩን በዳሰሳ ማወቁ ይቸግራል፤ ያልለመደ ሰው ሲጫወት የፒኩ ኳኳታ ከዜማው ጋር አብሮ ይገባል። እንግዲህ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ አላቸው። አንዱን ሙዚቃ፣ ሌላውን ጥፋት የሚያሰኝ ነገር አላየንም።

ክርክሩ ደግሞ የዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለት ታላላቅ የእስፓኝ ጊታር ተጫዋቾች ፓሪስ ላይ ወዳጅነት መሥርተው ነበር (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ፈርናንዶ ሶር (1778–1839) በጣቱ ሥጋ ይደረድር ነበር፤ ሌላው ዲዮኒሲዮ አጉዋዶ (1784–1849) በጥፍሩ። ሶር በ1830 ባሳተመው የጊታር መማሪያ መጽሐፍ በጥፍር መጫወትን ነቅፏል። ታዲያ ተጣሉ? አልተጣሉም! እንዲያውም ሶር ለሁለት ጊታር የሚሆን ድርሰት ጽፎ «ሁለቱ ወዳጆች» ብሎ ሰየመውና ለአጉዋዶ አበረከተለት። አጉዋዶም በበኩሉ ሶርን ከሰማ በኋላ የአውራ ጣቱን ጥፍር መጠቀም ተወ፤ የሌሎቹን ጣቶች ግን እንደያዘ ቀረ። ተከራካሪ ማለት እንዲህ ነው፤ የሚሰማ፣ ከሰማውም የሚጠቅመውን የሚወስድ።

ከእነሱ በኋላ የመጣው ፍራንሲስኮ ታሬጋ (1852–1909) በኋለኛው ዘመኑ ጥፍሩን ትቶ ወደ ሥጋ ዞረ። አንድሬስ ሴጎቪያ (1893–1987) ደግሞ ሥጋና ጥፍርን አጣምሮ በዓለም መድረኮች ሁሉ ተጫወተ። ጥፍር የግድ ነው የሚለው ወገን ሴጎቪያን ብቻ ጠርቶ ሶርንና ታሬጋን ቢዘላቸው ክርክሩ ሙሉ አይሆንም።

ፒክስ ከየት መጣ? መልሱ ክሩ ላይ ነው። እነ ሶር የሚጫወቱባቸው ቀጫጭን ክሮች ከእንስሳ አንጀት የተሠሩ ነበሩ፤ በ1940ዎቹ ደግሞ ናይለን በአንጀት ቦታ ገባ። ሁለቱም ለጣት ለስለስ ያሉ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው የብረት ክር ግን ጥፍርን ይሞርዳል፤ ጀማሪውንም ጣቱን ያቆስለዋል። ስለዚህ ብዙዎች ጣታቸው ላይ ፒክ አጠለቁ። የባንጆው ሰው ኧርል ስክራግስ (1924–2012) አውራ ጣቱንና ሁለት ጣቶቹን በፒክ አልብሶ ይጫወት ነበር። ጊታረኛው ቼት አትኪንስ (1924–2001) አውራ ጣቱ ላይ ብቻ አጥልቆ የቀሩትን ጣቶቹን ባዶ ተዋቸው። በሰው ቤት በሠራተኛነት የኖረችው ኤልዛቤት ኮተን ግን የብረቱን ክር በባዶ ጣቷ ነበር የምትደረድረው፤ በስተእርጅናዋም የግራሚ ሽልማት ተቀብላለች። ሥራ የለመደ እጅ ለሙዚቃ አይሆንም የሚል ሰው ካለ ስሟን ይያዝልን።

ወደ አገራችን ስንመለስም ይኸው ነው። ክራርን አንዱ በመምቻ ይገርፈዋል፤ ሌላው በጣቶቹ ይደረድረዋል። በገናም ቢሆን በጣት ይደረደራል፤ በቀንድ ወይም በእንጨት መምቻም ይመታል። አባቶቻችን ለሁለቱም ቦታ ሰጥተው ሲያበቁ እኛ በአንዲት ጊታር ላይ ምን አጣላን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እኛ ነገ መምህራን ነን። ጠዋት ተማሪዎችን አሰልፈን «እጃችሁን ዘርጉ» ብለን ጥፍር እናያለን፤ ያደገና የቆሸሸ ካለ ቆርጠህ ና ብለን እንመልሳለን። የመምህሩ የቀኝ እጅ ጥፍር ረዝሞ ቢታይ ሕፃኑ ምን ይላል? በእርግጥ የጊታረኛ ጥፍር ያን ያህል አይረዝምም፤ ከጣት ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር አለፍ ቢል ይበቃል፤ ንጹሕም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ጠመኔ የሚይዝ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ የሚቆፍር እጅ ጥፍሩ ይሰበራል። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና የተሰበረው እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ። እስከዚያ ልምምድ ይቁም?

ፒክ ይገዛ የሚሉትም ቢሆኑ የክበባችን ጊታር ባለ ናይለን ክር መሆኑን አይርሱ። ለዚህ ክር ጣት ይበቃዋል። ሠልጣኙን ለማያስፈልገው ዕቃ ገንዘብ ማስወጣት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የተመደብንበት ቦታ ሄዶ ፒኩ ቢጠፋስ? ጣት ግን ከባለቤቱ ጋር ነው።

«በሥጋ ብቻ ከተመታ ከኋላ ያለው ተማሪ አይሰማም» የሚል ተቃውሞ ሰምተናል። እውነትነት አለው። በትልቅ አዳራሽ ያለ ድምፅ ማጉያ ሥጋ ብቻውን ይደክማል። ነገር ግን ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚማረው አዳራሽ መሙላትን አይደለም። ክሩን መቃኘት፣ ጣቱን ከቦታው ማሳረፍ፣ አውራ ጣቱ ምቱን ሲጠብቅ ሌሎቹ ዜማውን እንዲከተሉ ማድረግ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ጥፍርም ያለ ፒክም ይለመዳል። የድምፅ ምርጫ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ ለክበቡ ኃላፊዎችና ለመምህሮቻችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ጥፍርም ሆነ ፒክ የመመዝገቢያ መመዘኛ መሆኑ ይቅር፤ ሁሉም በጣቱ ሥጋ ይጀምር። ሁለተኛ፣ ከተለማመደ በኋላ ጥፍር የሚፈልግ ያሳድግ፤ ግን አጭር፣ ንጹሕ፣ በሞረድ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ይሁን። ባለ ብረት ክር ጊታር የሚያገኝም በአውራ ጣት ፒክ ቢጀምር ይቀለዋል። ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው የክበቡ ምሽት ሦስት ሰዎች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው አንድን ዜማ ያሰሙን፤ አንዱ በሥጋ፣ አንዱ በጥፍር፣ አንዱ በፒክ። እኛም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ እናድምጥ። ከዚያ ወዲያ ጆሮ ይፍረድ።