ሥራ ያቆመችው ሳተላይት አሁንም በላያችን ታልፋለች

ስልካችሁ ላይ የሳተላይት መከታተያ አፕ ካለ «ኖአ 15» ብላችሁ ፈልጉ። ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከየት አቅጣጫ መጥታ በላያችሁ እንደምታልፍ በደቂቃ ይነግራችኋል። ሳተላይቷ ግን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የለችም።

ያው አፑ ሳተላይቷን አያያትም፤ ያሰላታል። የአሜሪካ ጦር በራዳር እየለካ ይፋ የሚያደርገውን የምህዋር ቁጥር ይወስድና አሁን የት እንደምትደርስ ይቀምራል። ስለዚህ ብትሠራም ባትሠራም ለአፑ አንድ ነው። መከታተሉ ደግሞ ለጨዋታ አይደለም። ታላላቆቿ ባይሆኑም እህቶቿ የሆኑት ኖአ 16 በ2015፣ ኖአ 17 ደግሞ በ2021፣ አገልግሎት ካቆሙ በኋላ እዚያው ላይ ተሰባብረዋል። 800 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በጣም ስስ ስለሆነ ስብርባሪው ቶሎ አይወርድም። ሳተላይቷን የማጥፋቱ ወጪ የባለቤቱ ነው፤ የስብርባሪው አደጋ ግን በዚያ መንገድ የሚያልፉት ሁሉ ነው።

እኔን ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ኪሳራ ነው። ኖአ 15 በሜይ 1998 መጥቃ 27 ዓመት ሠርታለች። ያነሳችውን የደመና ምስል በ137 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ለሁሉም ክፍት አድርጋ ትለቅ ነበር። ከሽቦ የተሠራ አንቴና፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያና ላፕቶፕ ካላችሁ በቃ። ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሶፍትዌሩ ድምፁን በሰከንድ ሁለት መስመር እያደረገ ወደ ምስል ይቀይረዋል። ጥራቱ እንኳን ብዙም አይደል፣ አንዷ ነጥብ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትሸፍን ሰፈራችሁን አታገኙትም። ደመናው የት እንደደረሰ ግን በዓይናችሁ ታያላችሁ። አንዱ ስለተቀበለ ለሌላው አያንስም፣ ከፋይና ያልከፈለም አይለይም። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «ፐብሊክ ጉድ» ሲባል ሁሌ የመንገድ መብራት ነው የሚጠቀሰው፤ ለእኔ ይቺ ትሻላለች።

ኖአ 18 እና ኖአ 19ም በዚያው በ2025 ቆመዋል። አዲሶቹ ኖአ 20 እና ኖአ 21 በምስል ጥራት ከነዚህ ጋር አይወዳደሩም፣ እጅግ ይበልጣሉ። መረጃቸውም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ነገር ግን «ነፃ» የተባለው ነገር ለማን ነው ነፃ? በቀጥታ ከሰማይ ልቀበል ካላችሁ ሳተላይቷን እየተከተለ የሚዞር ሳህንና ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። ካልሆነ የሞባይል ዳታ ገዝታችሁ ታወርዳላችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ምስሉም የለም፤ ጎርፍና ማዕበል ደግሞ ኔትወርክ እስኪመለስ አይጠብቁም። አሮጌዋ ሳተላይት በመሐል ኩባንያም ማማም አልነበራትም። ባለሙያዎቹ ስለ ምስል ጥራት ሲያወሩ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ሲነሳ አልሰማም።

በርካሹ መንገድ ለመቀበል የቀሩት የሩሲያ ሜቴዎር ሳተላይቶች ናቸው። እነሱም 137 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ላይ ስለሚያሰራጩ ያው የሽቦ አንቴና ይሠራላቸዋል።