ጭምብል ያጠለቀው «እውነት ተናጋሪ»

ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በተዘጋጀው ምሽት ላይ የነበራችሁ ሁሉ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ላልነበራችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ወራት ሙሉ በመኝታ ክፍሉ መስተዋት ፊት ሲለማመደው የከረመውን የገመድ ጨዋታ ሊያሳየን መድረክ ላይ ወጣ። ገመዱን ቈረጠው፣ ቋጠረው፣ እፍ አለበት። ቋጠሮው ሊጠፋ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ይህንንማ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ!» አለና ምስጢሩን ከነዝርዝሩ ለፈፈው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ልጁም ገመዱን ጠቅልሎ በኪሱ ከተተና ወረደ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የዚህን ጋዜጣ ስቴንስልና ቀለም ባላባከንሁ ነበር። ነገር ግን በማግስቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ዕውቀት አይደበቅም፤ ምስጢር የጌቶች ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘን። ከምናከብራቸው መምህራን መካከልም አንዳንዶቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ «ልጁ ምን አጠፋ? ዩኒቨርሲቲ የመጣችሁት ልትታለሉ ነው እንዴ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እንግዲህ ጨዋታው ወደ ሐሳብ ከተሸጋገረ እኛም በሐሳብ እንመልስ።

የዚህ ዓይነቱ ድፍረት አባቱ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ1997 እስከ 1998 (እ.ኤ.አ.) በአራት ልዩ ዝግጅቶች አንድ ፊቱን በጭምብል የሸፈነ ምትሃተኛ እያቀረበ የሙያ ባልደረቦቹን ምስጢር አንድ በአንድ ዘረገፈው። በመጨረሻው ዝግጅት ጭምብሉን ሲያወልቅ ቫል ቫለንቲኖ የሚባል የዚያው ሙያ ሰው ሆኖ ተገኘ። ለምን አደረግኸው ሲባል፣ ምትሃተኞች አሮጌውን ትተው አዲስ እንዲፈጥሩና ልጆችም ሙያውን እንዲወዱት ብዬ ነው አለ። መልካም! ለባልደረቦቹ አስቦ ከሆነ ታዲያ ከባልደረቦቹ ፊቱን ለምን ሸሸገ? እውነትን ለሕዝብ የሚያበሥር ሰው ጭምብል ሲያጠልቅ እኔ በበኩሌ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ከፎክስ አስቀድሞ በ1986 እንዲሁ ጭምብል የለበሰ ምትሃተኛ ምስጢር የሚያወጣበት ቪዲዮ ተሠርቶ ነበር። የዚያ ቪዲዮ ባለቤት የፎክስን ዝግጅት ባየ ጊዜ የፈጠራ መብቴን ሰረቃችሁኝ ብሎ ከሰሰ! የሌላውን ሰው ምስጢር ለገበያ ያወጣ ሰው የአወጣጡ ዘዴ የግል ንብረቴ ነው ብሎ ዳኛ ፊት ሲቆም አስቡት። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2003 የቅጂ መብት ክሱን ሳይቀበለው ቀረ።

«ዕውቀት ለሁሉ» የሚለውን መፈክር ለለጠፈው ወንድማችን ደግሞ የሲጋራውን ታሪክ ላስታውሰው። ሴት በሣጥን ውስጥ አስተኝቶ በመጋዝ ለሁለት የመክፈልን ጨዋታ ሴልቢት የተባለው እንግሊዛዊ በ1921 ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየ። በአሜሪካም ሆራስ ጎልዲን የራሱን ዐይነት ሠርቶ ገነነበት፤ ሰው እንዳይሰርቀውም በ1923 ፓተንት አወጣ። በ1933 ግን የካሜል ሲጋራ ባለቤት የሆነው የሬይኖልድስ ኩባንያ በጋዜጣ ማስታወቂያ የምትሃት ምስጢሮችን በሥዕል እያስረዳ ሲጋራውን መሸጥ ጀመረ፤ የመጋዙም ምስጢር ከነዚሁ አንዱ ነበር። መታለል ደስ ይላል፣ ማወቅ ግን ይበልጣል፤ ስለዚህ ካሜል አጭሱ! ጎልዲን ከሰሰ፤ በ1938 ተረታ። ምክንያቱም ፓተንት የሚሰጠው አሠራሩ በግልጽ ሲጻፍ ነውና፣ ምስጢሩን ሊጠብቅለት ያወጣው ወረቀት ራሱ ምስጢሩን ለሕዝብ የገለጠ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ምስጢር የሚያወጣ ሁሉ የሕዝብ ወገን አይደለም፤ ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ሊሸጥም ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህን ሙያ ሕጉ ብዙም አይጠብቀውም። ሕግ የማይጠብቀውን ደግሞ የሚጠብቀው የሰው ይሉኝታ ብቻ ነው። ይሉኝታውን ካፈረስነው የሚቀር አጥር የለም።

«ታዲያ ምስጢሩ በመጻሕፍት ውስጥ ሞልቷል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሞልቷል። ነገር ግን መጽሐፍ ፈልጎ፣ ገልጦ፣ ጣቱ እስኪደነዝዝ ተለማምዶ የሚያውቅ ሰው ሙያውን ይቀላቀላል እንጂ አያፈርሰውም። ሳይጠይቅ በአንድ ማታ በየሳሎኑ የተበተነለት ግን ምንም አልተማረም። ከኋላ ወንበር የጮኸው ወንድማችን ገመዱን በእጁ ብንሰጠው ቋጠሮውን ማጥፋት ይችላል ወይ? መጠየቅ ብቻ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ፔንና ቴለርን ይጠቅሱብኛል። ሁለቱ አሜሪካውያን የሦስቱን ኩባያና የኳሶቹን ጨዋታ ብርሃን በሚያሳልፍ ኩባያ ያሳያሉ፤ ሁሉ ነገር እየታየ እጃቸው ከዓይናችን ስለሚፈጥን በግልጥ እያየንም እንደነቃለን። ይህን እኔም እወደዋለሁ። ግን በገዛ መድረካቸው፣ በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነው የሚያደርጉት። የራስን ቤት መስኮት መክፈትና የጎረቤትን በር መስበር አንድ አይደለም።

ምስጢር ፈጽሞ አይውጣ የምል የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። መውጣት ያለበት ምስጢር አለ፤ አለማውጣቱም ወንጀል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1584 ሬጂናልድ ስኮት የተባለው እንግሊዛዊ የዓይን አዋጅ ተጫዋቾችን ዘዴ በመጽሐፍ ያተመው ምስኪን ሰዎች ጠንቋይ እየተባሉ እንዳይገደሉ ነው። ታላቁ ሁዲኒ በ1920ዎቹ ከሙታን ጋር እናነጋግራችኋለን እያሉ የሐዘንተኛ እናቶችን ገንዘብ የሚበሉትን ሲያጋልጥ ቆይቶ በ1926 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ መሰከረባቸው።

በ1986 የሆነውንማ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የዚህኛውን ምስጢር ስናገር አላፍርምና። ፒተር ፖፖፍ የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ በአዳራሽ የተሰበሰቡትን ሕሙማን በስማቸው እየጠራ በሽታቸውንና አድራሻቸውን ሳይቀር ይናገር ነበር፤ እግዚአብሔር ገለጠልኝ እያለ። ምትሃተኛው ጄምስ ራንዲ ከባልደረቦቹ ጋር የራዲዮ መቀበያ ይዞ ሄደ። በ39.17 ሜጋኸርዝ ላይ የተሰማው ግን የሰባኪው ሚስት ድምፅ ነበር! ሕሙማኑ ከስብከቱ በፊት የሞሉትን የጸሎት ካርድ ከመድረክ ጀርባ ሆና ታነብለታለች፤ እሱም በጆሮው በሸጐጠው መቀበያ ይሰማል። ራንዲ ይህን በጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ለሕዝብ አሰማ። ሰባኪው በ1987 ከሰርሁ ብሎ አስታወቀ። ኋላ ተመልሶ ወደ ቴሌቪዥን መምጣቱ የሚያሳዝን ነው፤ የራንዲን ሥራ ግን አያሳንሰውም።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሰውየው ለተመልካቹ ምን ብሎ ነገረው? የሚለው ላይ ነው። ምትሃተኛ «አታልላችኋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል፤ እኛም አውቀን፣ ወደን፣ ከፍለን እንታለላለን፤ ስንወጣም ከመግቢያው ዋጋ በቀር የጎደለብን የለም። ሐሰተኛው ፈዋሽ ግን «ይህ ዘዴ አይደለም፣ ኃይል ነው» ይላል፤ በሽተኛውም መድኃኒቱን ጥሎ፣ ያለውን አስረክቦ ይሄዳል። ራንዲና ሁዲኒ የሁለተኛውን ዐይነት ሰው ሲያሳድዱ ኖሩ እንጂ ገመድ የያዘ ልጅ ከመድረክ አላወረዱም።

«ምስጢር የጌቶች ነው» የተባለውንም አልረሳሁትም። የጌቶች ምስጢር እኛ የምንከፍለው ዕዳ፣ የእኛ በጀት፣ በእኛ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው። እሱ ይውጣ! የማኅበራችን ሒሳብ ሳይገለጽ ሁለት ስብሰባ አልፏል፤ ሰሌዳው ላይ መፈክር የለጠፈው ወንድማችን ስለዚያ ሲጮኽ ግን አልሰማነውም። በዚሁ ከተማ ውስጥ ተአምር በገንዘብ የሚሸጥባቸው አዳራሾችም አሉ፤ ቅዳሜና እሑድ በራቸው ክፍት ነው፣ የኋላ ወንበርም አላቸው። እዚያ ተነሥቶ «ዘዴው ይህ ነው» ለማለት ግን ዱላ መቻልን ይጠይቃል። የሁለተኛ ዓመቱ ልጅ አይማታም።

ለሚመጣው ወር ምሽት የአቅራቢዎች ዝርዝር በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል። ትናንት አየሁት፤ የልጁ ስም የለበትም። ሄጄ ጠየቅሁት፤ «ፈተና አለብኝ» አለኝ። ገመዱ ከአልጋው ራስጌ ላይ ተንጠልጥሏል። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ሁለተኛው በር ነው፤ ከኋላ ወንበር የተነሣው ወንድማችን መንገዱን የማያውቅ እንደ ሆነ አብሬው እወጣለሁ።