የስለላ መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ በሕግ ስለ መጠየቁ

ነጋዴ ለገዢ ስለሚያስረክበው ዕቃ ኃላፊ መሆኑ በንግድ ዓለም የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን የሰውን ምሥጢር በስውር የሚያዳምጥ መሣሪያ ለመንግሥታት የሚሸጠው ኩባንያ ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አልተገለጠልኝም።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ኪዳኔ በሚል የምሥጢር ስም የተጠሩ፥ በኢትዮጵያ ተወልደው በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖሩ ሰው፥ ፊንስፓይ በተባለ ፕሮግራም ኮምፒዩተራቸው ለወራት እንደ ተሰለለባቸው ገልጸው በየካቲት ወር 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት አይጠየቅም ሲል በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. ክሱን ዘጋው።

እዚህ ላይ ልብ ይባል። ያለመከሰስ መብት የመንግሥት እንጂ የሻጩ አይደለም። ኤን ኤስ ኦ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ዋትሳፕ በከሰሰው ጊዜ በመንግሥታት ካባ ሊከለል ቢሞክር የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2014 ዓ.ም. አልተቀበለውም፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኃላፊ ነው ተባለ። ለኢትዮጵያም የሸጠው የኢጣልያኑ ሃኪንግ ቲም መዝገቡ በ2007 ዓ.ም. አደባባይ ከወጣ በኋላ መንግሥቱ ጠቅላላ የላኪነት ፈቃዱን በ2008 ዓ.ም. ነጥቆታል። ፈቃድ መነጠቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ላኪዎች አንባብያን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

በአገራችንስ ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ ይካስ ይላል፤ በቁጥር 2155 ደግሞ ዋናውን አድራጊና ተባባሪውን ሳይለይ በአንድነት ኃላፊ ያደርጋል። ሕጉ አለ፤ የጠፋው ጠያቂው ነው።

እርግጥ ነው፥ የታዘዘና የነገደ አንድ አይደሉም። የቀድሞው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የመገናኛ አገልግሎት ሰጪዎችን ለመጥለፍ ሥራ እንዲተባበሩ ያስገድድ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ቢሻርም፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የግል የስልክ ኩባንያም ስለሚሠራ ጥያቄው ዛሬም አለ። እኔ በጸሐፊነት በምሠራበት ቤት አንዲት ካርቶን እንኳ ያለ ማዘዣ ከመጋዘን አትወጣም። ከደብረ ታቦር ወደ አዲስ አበባ ስለ ጤፍና ስለ ማር ዋጋ በስልክ የምንነጋገረውስ ከካርቶን ያንሳልን? ስለዚህ ኩባንያው የፍርድ ቤት ትእዛዝ በጽሑፍ ሳይቀበል መስመር እንዳይከፍት፥ ትእዛዙንም በመዝገብ እንዲያኖር ይገደድ፤ ማሳየት ካልቻለ በገዛ ገንዘቡ ይካስ።