ከጎተራችን የትኛውን እናውጣ?

በጥር ወር አዝመራው ተወቅቶ እህሉ ጎተራ ሲገባ፥ ገበሬውም ከውድማ ድካም አረፍ ሲል፥ በየአጥቢያው የንግሥ በዓል ይደምቃል። ይልቁንም ጥር 21 ቀን በአስተርእዮ ማርያም፥ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ከተደረገ በኋላ ምእመናን በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሰበሰቡ፥ ሁላችን የምናውቀው አንድ ልማድ ይከተላል። ስእለቱ የሰመረለት ሁሉ የተሳለውን ያቀርባል፤ አንዱ ጃን ጥላ፥ አንዱ ምንጣፍ፥ አንዱ ጧፍና ዕጣን፥ አንዱም በቤቱ ያደለበውን ሙክት ወይም ከማሳው ያገኘውን እህል ያመጣል። ከዚህም ውስጥ ለመቅደሱ አገልግሎት የማይውለው በሕዝቡ ፊት ለጨረታ ይወጣል። ድምፁ የጎላው ምእመን መሶቡን ከፍ አድርጎ እያሳየ፥ «ይህን ያህል ተባለ፤ የሚጨምር ማነው?» ይላል፤ ሕዝቡም እየሳቀና እየተፎካከረ ዋጋውን ያወጣል፤ ገንዘቡም ለቤተ ክርስቲያኑ ይገባል።

ይህን ልማድ ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው ልብ አንለውም እንጂ፥ በሌላው ዓለም የአዝመራ ትርኢት የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1804 የተመሠረተው የአትክልተኞች ማኅበር በሚያዘጋጃቸው ትርኢቶች በዓለም የታወቀ ነው፤ በየመንደሩም ባላገሩ በዓመት አንድ ቀን ሽንኩርቱንና ድንቹን፥ አበባውንና የእጅ ሥራውን በአዳራሽ ደርድሮ በዳኞች ፊት ያቀርባል። እኛ ዐጸዱ አለን፤ ሕዝቡም ቀኑም አለን። የሚጎድለን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከጨረታው አስቀድሞ ጥቂት ሰዓት ወስዶ፥ ከአጥቢያው ሜዳ ላይ የእያንዳንዱን ቤት የሥራ ፍሬ ደርድሮ መተያየት ነው። ዛሬ ለውድ አንባብያን ልናሳስብ የወደድነው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ገና ከመጀመሪያው አንድ ጥያቄ ይነሣል። መልካም ሥራ በስውር ይሁን ተብሎ በቅዱስ ወንጌል ታዝዘን ሳለ፥ አንድ ክርስቲያን የራሱን ሽንኩርትና የራሱን ፈትል አደባባይ አውጥቶ «እዩልኝ» ማለት ይገባዋልን? ጥያቄው ከበጎ ልብ የሚወጣ ስለ ሆነ በዝምታ ልናልፈው አንችልም።

መልሳችን ይህ ነው። ምጽዋት ይሰወራል፤ ሙያ ግን ይገለጣል። ምጽዋት የሚሰወረው ተቀባዩ እንዳያፍር፥ ሰጪውም እንዳይታበይ ነው። ሙያ የተሰወረ እንደ ሆነ ግን ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። በግብረ ሐዋርያት የተጻፈውን የጣቢታን ታሪክ እናስታውስ። ጣቢታ በሞተች ጊዜ በኢዮጴ የነበሩ መበለቶች እያለቀሱ በቅዱስ ጴጥሮስ ፊት ያቀረቡት ሌላ ነገር አልነበረም፤ በሕይወቷ ሳለች የሠራቻቸውን ልብሶች ነበር። ሥራዋ ታየ፤ ስለ ሥራዋም ፍቅሯ ተመሰከረ። በኦሪትም የምስክሩ ድንኳን ሲሠራ፥ ጥበብ በልባቸው ያደረባቸው ሴቶች በእጃቸው የፈተሉትን፥ የፍየሉንም ጠጉር ሳይቀር፥ በሙሴ ፊት አምጥተዋል። ስለዚህ ነውሩ ማሳየት አይደለም፤ ነውሩ በሚያሳዩት መኩራትና በባልንጀራ ሥራ መቅናት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ወደ አንድ ስፍራ እናውርደው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ብርዱና ጉሙ ይቀበሉታል፤ ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋልና። ጣሊያን በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በተራራው ውስጥ ባስቈፈረው ዋሻ አልፎ ሲወጣ፥ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም አርማንያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ካባውን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ደጋ፥ ወይና ደጋና ቆላ ተሰልፈው ይገኛሉ። ከላይ ገብስ፥ ባቄላና አተር፤ ከታች ጤፍ፥ ማሽላ፥ ማሾና ሽንኩርት፥ ፍራፍሬም ይበቅላል። መንገደኛ ሁሉ የሚገዛው የደብረ ሲና ቆሎም በመካከል አለ። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለው መንገድም ወደ መንዝ ያስገባል፤ መንዝ ደግሞ የበግ ጠጉር አገር ነው። የዚህ ሁሉ አገር ሰው ፍሬውን በአንድ ሜዳ ቢዘረጋ ምንኛ ባማረ!

በዚያው በጣርማ በር ጉሙ ምድሩን በሸፈነበት ማለዳ፥ ከጠጉር የተሠራ ቆብ ለመንገደኛ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አግኝተን ነበር። የያዙት ቆብ መልካም ነበር፤ ዐይናችንን የሳበው ግን የተከናነቡት ባና ነው። ክሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ጥቁሩና ነጩም ቀለም ሳይነካው የበጉ የራሱ መልክ ነው።

«እማማ፥ ይህን ማን ፈተለው?» አልናቸው።

«እኔው ነኝ፥ ልጆቼ። ጠጉሩን አጥቤ፥ ነድፌ፥ በእንዝርት ፈተልሁት፤ ባለቤቴ፥ ነፍሱን ይማረውና፥ ሸመነው» አሉን።

«ታዲያ ከልጆችዎ ይህን ሙያ የያዘ አለ?»

ጥቂት ዝም ብለው፥ «ማን ጠይቆኝ» አሉ። «ባናዬን ያየው አልጋዬ ብቻ ነው። ያላዩትን ማን ይጠይቃል?»

እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ልንረሳው አልቻልንም። ልጆቻችን ሰነፎች ስለ ሆኑ ሙያው ጠፋ ብለን መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስንቶቻችን ነን የእናቶቻችንን ሥራ በክብር ስፍራ አስቀምጠን፥ «ይህ እንዴት ተሠራ?» ብለው ልጆቻችን እንዲጠይቁ ያደረግን? ከሱቅ የሚገዛው ብርድ ልብስ በመስኮት ተሰቅሎ ይታያል፤ ባናውና ዝተቱ ግን በጓዳ ተጠቅልሎ ይቀራል። የታየው ይፈለጋል፤ ያልታየው ይረሳል።

ስለ ዘርም ነገሩ እንዲሁ ነው። የሩሲያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር በሰበሰበ ጊዜ፥ በየማሳው ባየው የዘር ብዛት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ሊቃውንት ክሽክሽ የሚያዛምተውን፥ የገብስ ቅጠል እያቢጫ ተክሉን የሚያቀጭጨውን በሽታ የሚቋቋም ዘር ከዓለም ገብስ ሁሉ መካከል ሲፈልጉ፥ በሽታውን በብርቱ የተቋቋመው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄደ ገብስ ሆኖ ተገኘ። ያን ዘር ጠብቆ ያቈየው ስሙ ያልተጻፈ ባላገር ነው። ዶክተር መላኩ ወረደም በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፀዋት ዘረ መል ማእከል ሲመሩ፥ ዘር በመዝገብ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው በራሱ ማሳ ተጠብቆ እንዲኖር ደክመዋል፤ ስለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በሚባለው የስዊድን ሽልማት ተከብረዋል።

ይህን ማንሣታችን ለትምክሕት አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ጎተራውን ትቶ ተሰዷል። ከስደት የተመለሰ ገበሬ ቤቱ ቢፈርስ በእንጨትና በጭቃ ያቆመዋል፤ ከአባቱ የወረሰው ዘር ቢጠፋበት ግን ከየት ያመጣዋል? ዘሩን አስቀድሞ ከጎረቤቱና ከማዶ ካለው ዘመዱ ጋር የተካፈለ እንደ ሆነ ብቻ መልሶ ያገኘዋል። እንግዲህ በትርኢቱ ቀን ለባልንጀራ የሚሰጥ አንድ እፍኝ ዘር በባልንጀራ ቤት የተቀመጠ አደራ ነው።

ለትርኢቱ የሚቀርበው ምን ዓይነት ነው? እንዴትስ ይዘጋጃል? የአቤልን መሥዋዕት የምናውቅ ሁሉ መልካሙን መምረጥ እንደሚገባን እናውቃለን፤ መልካም ማለት ግን ትልቅ ማለት ብቻ አይደለም። በትርኢት የሠለጠኑ ዳኞች አንድ ግዙፍ ሽንኩርት ከማየት ይልቅ መጠናቸውና መልካቸው የተካከለ አምስት ሽንኩርቶች ማየትን ይመርጣሉ፤ አንዱ በአጋጣሚ ሊገኝ ይችላልና፥ አምስቱ ግን የገበሬውን ትጋት ይመሰክራሉ። ሽንኩርት አይታጠብም፤ በጥላ ደርቆ የላላው ልጣጭ ብቻ ይነሣለታል። ድንች ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፤ ይለመልማልና። ገብስና ስንዴ በጆንያ ከሚቀርብ ይልቅ ከነዛላው በትንሽ ነዶ ታስሮ ቢቀርብ ዘሩ ይታወቃል፤ ዛላውም ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመካከሉ፥ ከአጨዳ በፊት ይመረጥ። ባቄላና አተር በሰፌድ ተበጥሮ፥ ነቀዝ የነካው ተለይቶ ይቅረብ። ማር ከነሰፈፉ ቢሆን እውነተኛነቱ ይታያል።

አበባ የወደደች እናት ግን የራሱን ወራት ትጠብቅ፤ በደጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አበባን አይምርምና። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ዘመነ ጽጌን ስታከብር፥ የእመቤታችንን ስደት እያሰብን የጓሯችንን አበባ ለማቅረብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አናገኝም። አበባው ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ይቈረጥ፤ ወዲያው በውኃ ይነከር፤ በውኃው ውስጥ የሚገባው ቅጠልም ይመልመል፤ አለዚያ ውኃውን ያከረፋዋል።

የእጅ ሥራም እንዲሁ ነው። ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋ መሶብ ሲቀርብ ክዳኑ ብቻ አይታይ፤ ተገልብጦ ሥሩም ይታይ። ባና ቢሆን ሁለቱም ገጹ ይዘርጋ። ገሳና የጓሳ ገመድም አይናቁ፤ ድሀው ቤትም የሚያቀርበው አለውና። ከእያንዳንዱም አጠገብ የእህሉ ወይም የሥራው ስም፥ የበቀለበት ስፍራና የተዘራበት ወር ተጽፎ ይቀመጥ። ይህን ጽሕፈት ተማሪዎች ልጆቻችን ይጻፉት። «ሰነፍ ቆሎ» ብሎ የጻፈ ልጅ ይህ ገብስ ለምን እንዲህ ተባለ ብሎ አያቱን ይጠይቃል፤ አያቱም ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ሰነፍም ቢሆን ቆሎ እንደሚበላበት እየሳቁ ይነግሩታል። ለአሮጊቷ እናታችን የጎደላቸው ጥያቄ በዚህ መንገድ ይጠየቃል።

ከሁሉ በላይ እውነት ይጠበቅ። ከገበያ ገዝቶ «ከጓሮዬ ነው» ማለት፥ ከላይ ያማረውን አድርጎ ከሥር የበሰበሰውን መደበቅ፥ ዳኛን አታለልሁ ብሎ እግዚአብሔርን ማታለል እንዳይሆን እንፍራ። ሐናንያና ሰጲራ የተቀጡት ጥቂት ስላመጡ አልነበረም፤ ጥቂቱን ሁሉ ነው ስላሉ ነው እንጂ። ሁለት ሳንቲም ብቻ ያላት መበለት ግን ከሁሉ ይልቅ ተመስግናለች። ዳኞችም ሽማግሌዎችና ባለሙያ እናቶች ይሁኑ፤ የዘመድን ሥራ አይዳኙ፤ ለተሸነፈውም ጉድለቱን በርኅራኄ ይንገሩት። ሽልማቱ በገንዘብ ባይሆን እንመርጣለን፤ ለገበሬው ማጭድ ወይም ዶማ፥ ለልጆች ደብተር፥ ለእናቶች ውዳሴ ማርያም ቢሰጥ ይበቃል።

ማታም የቀረበው ሁሉ እንደ ልማዳችን ወደ ጨረታው ይግባ፤ ከገንዘቡም ለአጥቢያው ችግረኛ ይታሰብለት፤ ይህኛው ክፍል በስውር ይሁን። ዘር ያቀረበ ሁሉ ግን ከመበተኑ በፊት ለጎረቤቱ አንድ እፍኝ ይስጥ፤ ፈትል ያቀረበችም እናት ለአንዲት ልጅ እንዝርቷን አስይዛ ታሳያት።

ውድ አንባብያን፥ በዚህ ሳምንት ጎተራችሁንና ጓዳችሁን ክፈቱ፤ ከሁሉ የሚሻለውንም ለይታችሁ አስቀምጡ። ስታስቀምጡም ልጆቻችሁ ከአጠገባችሁ ቆመው ይዩ። የዘመናት ጌታ እግዚአብሔር የምድራችንን ፍሬ ይባርክ፤ የተሰደደውን ወደ ቤቱ ይመልስ፤ ለዘሪው ዘርን፥ ለተራበውም እንጀራን ይስጥ። አሜን።