ሁለተኛው በረኛ መቼ ይጫወት?

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ምሽት ደብረ ሲና ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ሰው ሞልቶት ነበር። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ብርዱ ያው የተለመደው የደብረ ሲና ብርድ ነው፤ ግን ማን ልብ ብሎት? ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ናቸው፤ ያውም የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ በሰው ትከሻ መሃል አንገቴን አስግጌ ነው የማየው።

ሳላዲን ሰኢድ ሪጎሬዋን ሲስት ቤቱ በሙሉ ራሱን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው ኳስ አወጣለሁ ብሎ ሲወጣ እግሩ የዛምቢያው ቺሳምባ ሉንጉ ደረት ላይ አረፈ። ቀይ ካርድ! ሰዉ ሁሉ ዳኛውን ሲራገም እኔ ያሰብኩት ስለ ሌላ ሰው ነበር። ዘሪሁን ታደለ ሊገባ ነው። አንድ የሜዳ ተጫዋች ወጣና ዘሪሁን ገባ። ሆዴ ተላወሰ። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የቀረውን ታስታውሳላችሁ። ኮሊንስ ምቤሱማ ከዕረፍት በፊት አገባብን፤ አዳነ ግርማ ከዕረፍት መልስ አቻ አደረገን። በአስር ሰው 1 ለ 1 ወጣን፤ ከተማው እስከ እኩለ ሌሊት ጨፈረ። በአራተኛው ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ቀጣችን። ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት ጎላችን ላይ የቆመው ሲሳይ ባንጫ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሲሳይም በሁለት ቢጫ ወጣ። ቅያሪያችን አልቋል። አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ ከቪክቶር ሞሰስ ሪጎሬ ፊት ቆመ። ገባች፤ 2 ለ 0።

እንግዲህ ቁጠሩ። በሶስት ጨዋታ አራት ሰው ጓንት አጥልቋል።

ይሄን የማነሳው አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን ለመውቀስ አይደለም። ሰውነት 31 ዓመት የተዘጋ በር የከፈተ ሰው ነው። ቀይ ካርድ ደግሞ ማንም አቅዶ አያመጣውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አንድ ሰው ብቻ በሚጫወትበት ቦታ ላይ ሁለትና ሶስት ሰው ይዞ የሚኖር አሰልጣኝ ጊዜውን እንዴት ነው የሚያካፍለው? የእኛ አገር መልስ ከድሮ ጀምሮ አንድ ነው፤ አያካፍልም። አንደኛው ይጫወታል፣ ሁለተኛው ይቀመጣል፤ እሳት ሲነሳ ብቻ ይጠራል።

በዚያው ውድድር፣ እኛን በገጠመን ጨዋታ ላይ እንኳ ተቃራኒው ምሳሌ ነበር። የቡርኪናው በረኛ አብዱላዬ ሱላማ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ በቀይ ወጣ። ያኔ የምንመራው በአንድ ጎል ብቻ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ተነስቶ ጨፈረ፤ «አለቀላቸው!» ተባለ። ተጠባባቂው ዳውዳ ዲያኪቴ ገባ። በአስር ሰው ሶስት ተጨማሪ ጎል አገቡብን። ዲያኪቴ ከዚያ በኋላ ጎሉን አልለቀቀም፤ ጋናን በመለያ ምት ጥለው እስከ ፍጻሜው ሲደርሱ በረኛው እሱ ነበር። ግን ዲያኪቴ ለቡድኑ እንግዳ አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም የአገሩን ጎል ጠብቋል። ድንገት ሲገባ የገባው ወደሚያውቀው ቤት ነው።

አሁን ሆዴ ለምን እንደተላወሰ ልንገራችሁ።

እኔ ራሴ ሁለተኛ በረኛ ነበርኩ። ደብረ ሲና፣ የትምህርት ቤታችን ቡድን ውስጥ። አንደኛው በረኛ በዕድሜም በቁመትም ይበልጠኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በችሎታም ይበልጠኛል፤ ይሄን ክጄ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ ሥራዬ ኳስ መሸከምና ከጎሉ ጀርባ ቆሞ የወጣውን ማምጣት ነበር። የእኛን ከተማ የሚያውቅ ኳስ ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አገሩ ቁልቁለት ነው፤ አንዴ ካመለጠችህ ወደ ሸዋ ሮቢት ነው የምትሄደው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ደግሞ በረኛው የራሱን ተከላካይ እንጂ የዚያኛውን ጎል አያየውም። እኔ ኳሷንም አላያትም፤ በድምጿ ነው የምፈልጋት።

አሰልጣኛችን የስፖርት መምህራችን ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። የሚገርመው የቅርጫት ኳሱንም ቡድን የሚያሰለጥኑት እሳቸው ናቸው፤ እዚያ ሲሆኑ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ኳስ እያነጠረ ጨዋታ በሚያስጀምረው ቦታ፣ ፖይንት ጋርድ በሚሉት ላይ፣ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ሰዓታቸውን በእጃቸው ይዘው የመጀመሪያውን ሩብ ለአንዱ፣ ሁለተኛውን ለሌላው ይሰጣሉ። ሶስተኛው ላይ ይለዋውጧቸዋል። አራተኛውን በዕለቱ የተሻለው ይጨርሰዋል። ሁለቱም ልጆች ይሄን ከጨዋታው በፊት ያውቁታል፤ ያኮረፈ ልጅ አላየሁም። የእግር ኳሱ ላይ ሲደርሱ ግን «በረኛ አይነካካም» ይላሉ፤ በቃ።

ከዛምቢያው ጨዋታ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ለጨዋታ ወረድን። ከብርድ ወደ እሳት ማለት ነው። በሁለተኛው አጋማሽ አንደኛው በረኛ ጣቱን ተመታ። «ግባ!» ተባልኩ። ያለን ጓንት አንድ ጥንድ ነው፤ የእሱን አጠለቅኩ። ላቡ አልደረቀም፤ ይሰፋኛልም። የመጣችብኝ የመጀመሪያ ኳስ ከሩቅ የተመታች ተራ ኳስ ነበረች፤ ልምምድ ላይ በአንድ እጄ የምይዛት ዓይነት። በእጆቼ መሃል ሾልካ ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያናገረኝ የለም። ከዚያ በኋላ ጓንት አላጠለቅኩም፤ ይኸው ስለ ጓንት እጽፋለሁ።

አጥቂ ቀዝቅዞ ቢገባ ሁለት ኳስ ይበላሽበታል፤ ሶስተኛዋን ያገባና ጀግና ይሆናል። በረኛ ግን መሟሟቂያ ስህተት አይፈቀድለትም። የርቀት ግምቱ፣ ከተከላካዩ ጋር ያለው የድምጽ መግባባት፣ ልቡ ራሱ፣ በልምምድ ብቻ የሚሞላ አይደለም። ቅርጫት ኳስ ላይ የወጣ ተመልሶ ይገባል፤ እግር ኳስ ላይ የወጣ ወጣ ነው። ስለዚህ ደቂቃ ማካፈል አይቻልም፤ ጨዋታ ማካፈል ግን ይቻላል።

አውሮፓውያኑ ሲሞክሩት አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2013/14 አንቼሎቲ ሪያል ማድሪድ ላይ ሊጉን ለዲዬጎ ሎፔዝ፣ ቻምፒዮንስ ሊጉንና ኮፓ ዴል ሬይን ለካሲያስ ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ሉዊስ ኤንሪኬ ባርሴሎና ላይ ሊጉን ለክላውዲዮ ብራቮ፣ ሁለቱን ዋንጫዎች ለቴር ስቴገን አከፋፈለና ሶስቱንም ጠራርጎ ወሰደ። የአርሰናል ደጋፊዎች ደግሞ አርቴታ በ2023 ዴቪድ ራያን አምጥቶ አሮን ራምስዴልን ያስቀመጠበትን ክርክር አልረሱትም። ራምስዴል በዓመቱ ሳውዝሃምፕተን ገባ። አሰልጣኙ ሁለት አንደኛ በረኛ አለኝ ሊል ይችላል፤ ውሎ አድሮ ግን ሜዳው ይፈርዳል።

ለእኔ ከሁሉም የምትገርመኝ የቫን ኻል ነገር ናት። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ከኮስታሪካ ጋር ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ያስፐር ሲሌሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ። ክሩል ሁለት መለያ ምት አዳነ፤ ሆላንድ አለፈች። ክሩል ይሄ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ሲሌሰን ግን አያውቅም ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር ቅያሪው አልቆ ስለነበር መለያ ምቱ ላይ የቆመው ሲሌሰን ነው። አንድም አላዳነም። በአደባባይ «ለዚህ ነገር ሌላ ሰው አለኝ» የተባለበት በረኛ በምን ልቡ ያድን?

እንግዲህ ክርክሩ በየሳምንቱ እያፈራረቁ ያጫውቱ የሚል አይደለም። ያ ተከላካዮቹንም ያደናግራል፤ እዚህ ላይ የድሮ አሰልጣኞች ልክ ናቸው። እኔ የምለው ክፍፍሉ በውድድር ይሁን፣ ቀድሞ ይታወቅ፣ ለሁለቱም በፊት ለፊት ይነገር ነው።

እኛ ጋ ችግሩ የሚከፋው ሁለተኛው በረኛ የሚጫወትበት መድረክ ስለሌለው ነው። እንግሊዝ አገር የካራባኦ ዋንጫ ሲመጣ ሁለተኛው በረኛ ተራው እንደደረሰ ያውቃል። የእኛ ጥሎ ማለፍ ግን ከኮቪድ በኋላ ለዓመታት ሳይካሄድ ቆይቶ ነው የተመለሰው። በእነዚያ ዓመታት አንድ ወጣት ተጠባባቂ በረኛ ከሊጉ ሌላ የት ይጫወት ነበር? ሊጉ ላይ ደግሞ ቦታው ተይዟል፤ ያውም ብዙ ጊዜ በውጭ ዜጋ። ዘሪሁን ታደለ ያኔ በክለቡ በቅዱስ ጊዮርጊስ ለዚያችው አንድ ቦታ የሚፎካከረው ከኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ጋር ነበር። ከዚያ በኋላም ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን ጋናዊው ዳንኤል አጃይ ነበረው፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ማሊያዊው ሚካኤል ሳማኬ፤ ጊዮርጊስ በ2014 ኡጋንዳዊው ቻርለስ ሉክዋጎ። እነዚህ ሰዎች ጥሩ በረኞች ናቸው፤ ክለቦቹም ዋንጫ ስለፈለጉ አይፈረድባቸውም። ግን እነሱ በተጫወቱ ቁጥር አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ከጎኑ ጓንቱን አጥልቆ ዘጠና ደቂቃ ተቀምጧል። በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ ይጠራዋል፤ እኛም በአንድ ኳስ እንሰድበዋለን።

«ልምድ ያለው ተጠባባቂ ብቻ ነው የሚያዋጣው» የሚል ሰው የግብጹን ኤሳም ኤል ሃዳሪን ይጠቅስልኛል። ልክ ነው። በ2017ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከማሊ ጋር አህመድ ኤል ሼናዊ ሲጎዳ በ44 ዓመቱ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ገባና ግብጽን እስከ ፍጻሜ አደረሰ። ሰውዬው ግን ከዚያ በፊት አራት የአፍሪካ ዋንጫ በልቷል። እኛ ሁለተኛ በረኛችን አራት ዋንጫ እስኪበላ ልንጠብቅ ነው?

ባለፈው ሰሞን ወደ ደሴ ስወርድ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልገዛ ወረድኩና እኚያን መምህር መንገድ ዳር አገኘኋቸው። ሸብተዋል። ጉንጬን ሶስቴ ሳሙኝና «አንተ፣ ጋዜጣ ላይ ስምህን አያለሁ» አሉኝ። ትንሽ ከተጫወትን በኋላ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ያኔ ቅርጫት ኳሱ ላይ ሁለቱን ልጆች እኩል ያጫውቱ ነበር። እኔን ለምን አንድ ቀን እንኳ አላስገቡኝም?»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ቅርጫት ኳስ ላይ ብትሳሳት መልሼ አወጣሃለሁ። እግር ኳሱ ላይ ግን ብትሳሳት የምሰደበው እኔ ነኛ። ፈርቼ ነው እንጂ አንተን ጠልቼ አይደለም።»

እንዲህ በግልጽ የነገረኝ አሰልጣኝ አላጋጠመኝም። ትልልቆቹንም ስጠይቃቸው የቡድን መረጋጋት ነው፣ የአጨዋወት ፍልስፍና ነው ይሉኛል። ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ አንድ ሽንፈት እንጀራ በሚያስቀርበት ሊግ ውስጥ ማን ደፍሮ ሁለተኛውን ያሰልፋል? ለዚህ ነው ጉዳዩን ለአሰልጣኙ ብቻ ጥለን መሄድ የሌለብን። ጥሎ ማለፉ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ይካሄድ፤ ክለቦችም የዚያን ውድድር ጎል ለሁለተኛው በረኛ ይተዉለት። ብሔራዊ ቡድኑ የወዳጅነት ጨዋታ ሲያገኝ አንደኛውን ለአርባ አምስት ደቂቃ አስገብቶ ሁለተኛውን ለመጨረሻዋ አስር ደቂቃ ከማስመታት ሙሉውን ይስጠው። ደጋፊውም፣ እኔም እናንተም ማለቴ ነው፣ በዚያ ጨዋታ ለሚገባ ጎል ልጁን አንስቀለው።

መምህሩን ልሰናበት ስል አሁን ስንት በረኛ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። «ሁለት» አሉ። ቅዳሜ ጨዋታ እንዳላቸው ነግረውኝ ነበርና ማን እንደሚገባ ጠየቅኩ። መልስ ሳይሰጡኝ ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ ቆሎዬን ይዤ ሮጥኩ።