ትልልቆቹ ስለ ገቡበት እኛም እንግባን?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ የዩኒቨርሲቲ ባልንጀራዬ፣ አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ የሆነ፣ የሁለት ወር ደመወዙን አዲስ በወጣ የክሪፕቶ ገንዘብ ላይ ለማዋል መቁረጡን አጫወተኝ። «ስለ ነገሩ ምን ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ትልልቆቹ ባለሀብቶች ገብተውበታል፤ እነሱ ደግሞ ሳያውቁ አይገቡም» ሲል መለሰልኝ። ይህን መልስ ከብዙ ወጣቶች አፍ ስለምንሰማው መርምረን ልናየው ይገባል።

በመጀመሪያ የአዲስ ክሪፕቶ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ እንመልከት። አንድ ነጋዴ ካለው 100 ኩንታል ጤፍ 90ውን በጎተራ ቈልፎ 10ሩን ብቻ ለገበያ ቢያወጣ፣ ጤፉ መወደዱ አይቀርም። ነጋዴውም በጎተራ ያለውን ጭምር በዚሁ ዋጋ አስቦ «ሀብቴ ይህን ያህል ነው» ይላል። በብዙ አዳዲስ ክሪፕቶዎችም የሚታየው ይኸው ነው። መሥራቾቹና ቀደምት ባለሀብቶች ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በርካሽ ይገዛሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሸጡም በውል ይታሰራሉ። የውሉ ጊዜ ሲያልቅ ጎተራው ይከፈታል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ በውድ የገዛው ትንሹ ሰው ግን ዕዳውን ታቅፎ ይቀራል።

ሀብቱ በጥቂቶች እጅ ሲሆን የአንድ ሰው ቃል ገበያውን ምን ያህል እንደሚያናውጥ የኤፍ ቲ ኤክስ ታሪክ ያስረዳል። ሳም ባንክማን ፍሪድ የመሠረተው ይህ የክሪፕቶ መገበያያ ኩባንያ ኤፍ ቲ ቲ የተባለ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ነበር። የዚሁ ሰው ሌላ ኩባንያ፣ አላሜዳ፣ ከሀብቱ ትልቅ ክፍል ይኸው ኤፍ ቲ ቲ እንደ ነበረ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 መጀመሪያ ተገለጠ። በወሩ በ6ኛው ቀን የተወዳዳሪው የባይናንስ አለቃ ቻንግፔንግ ዣኦ ድርጅታቸው የያዘውን ኤፍ ቲ ቲ እንደሚሸጥ አስታወቁ። ከ20 ዶላር በላይ የነበረው ዋጋ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከ5 ዶላር በታች ወረደ። ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ሲሯሯጡ ገንዘቡ ወደ አላሜዳ መተላለፉ ታወቀ፤ በ11ኛውም ቀን ኩባንያው የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ። ባንክማን ፍሪድ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በዚህ ኩባንያ ውስጥ ስሙ የገነነው ሴኮያ ካፒታል ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግብቶ ነበር፤ ሁሉንም እንደ ጠፋ ቈጠረው። እንግዲህ «ሳያውቁ አይገቡም» የተባለው የት አለ? ሴኮያ ሀብቱን በብዙ ኩባንያዎች ላይ የበተነ ስለ ሆነ ጕዳቱን ችሎ ቆመ። የባልንጀራዬ የሁለት ወር ደመወዝ ግን የቤት ኪራዩና የእናቱ ተቈራጭ ነው። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ግብይት ሕጋዊ አለመሆኑን አስጠንቅቆ ስለ ነበር፣ ቢከስር አቤት የሚልበት ቦታ አልታየኝም።

ትልቅ ባለሀብት ሁሉ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም፤ አዲስ ሥራ ያለ ገንዘብ አይቆምም። ነገር ግን ትልቁ የገባበት ዋጋና የሚወጣበት በር ከእኛ የተለየ ነው። ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ «ዋጋው ስንት ወጣ?» ከማለትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ብዙውን የያዘው ማን ነው? በስንት ገዛው? መቼስ ሊሸጥ ይችላል? ባልንጀራዬ አንዱንም ሊመልስልኝ አልቻለም። መልሱን ያጣ ሰው ደመወዙን ይዞ ቢቆይ ኋላ ቀር አይባልም።