ኮከብን ለመከተል፦ ገንዘብ ወይስ ትዕግሥት?

የኮከብ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚመኙ ጓደኞቻችን «ማኅበሩ ሞተር ያለው ውድ መሣሪያ ይግዛልን» ሲሉ እንሰማለን። እኛ ግን ነገሩ አስቀድሞ ከሥሩ ይመርመር እንላለን።

መሬት በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አንድ ጊዜ ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል የሚሄድ ይመስላል። ስለዚህ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ካሜራ ቆሞ ቢያነሣ፣ ከ10 ሰከንድ ያህል በኋላ ነጥብ የነበረው ኮከብ ጭረት ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ መሣሪያውን ከመሬት መዞሪያ ዘንግ ጋር ትይዩ በሆነ ዘንግ ላይ፣ በዚያው ፍጥነት ማዞር ነው። ዘንጉ አንድ ዲግሪ ከተሳሳተ ግን ሞተሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ኮከቡ በ4 ደቂቃ ውስጥ እስከ 1/60ኛ ዲግሪ ይንሸራተታል። ይህም በቴሌስኮፕ ለሚነሣ ፎቶግራፍ ትልቅ ጥፋት ነው።

ለአውሮፓ ሰው የተጻፈው መመሪያ «ዘንጉን በሰሜን ኮከብ አስተካክሉ» ይላል። በአዲስ አበባ ግን ይህ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል አንድ ፎቅ ወይም ጥቂት ደመና ይሰውረዋል። ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም ከራስጌያችን ጥቂት ወደ ደቡብ ያለ ኮከብ መርጦ እየተከተሉ መመልከት ነው። ኮከቡ ወደ ሰሜን ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምዕራብ ስቷልና ወደ ምሥራቅ ይመለስ፤ ወደ ደቡብ ከሸሸ ግን ተቃራኒው ይደረግ። ቀጥሎ በምሥራቅ ያለ ኮከብ ይያዝ፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ዘንጉ ከፍ ብሏልና ዝቅ ይበል፤ ወደ ደቡብ ከሸሸ ከፍ ይበል። ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ለጀማሪ ማዞሪያውም በእጅ ይሠራል። ሁለት ጣውላ በበር ማጠፊያ ይያያዝ፤ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር የሚገፋ ብሎን ከማጠፊያው 22.9 ሳንቲሜትር ርቆ ይግባ፤ በደቂቃ አንድ ዙር ሲዞር በላዩ የተቀመጠው ካሜራ ሰማዩን ለጥቂት ደቂቃዎች ይከተላል።

ሞተር ፈጽሞ አያስፈልግም አላልንም፤ በረጅም ቴሌስኮፕ ለሚሠራ ሰው የግድ ነው። ነገር ግን በአንድ መሣሪያ ዋጋ አንድ ሰው ከሚማር በጣውላ ብዙዎቻችን ብንማር ይሻላል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስታወት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ ነገ በእነርሱ የሚሠራው ሰው ዛሬ ከእኛ መካከል መውጣት አለበት። እኛም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህ የሳይንስ ልጆች ጉዳይ ነው ብለን መራቅ የለብንም፤ ሰማዩ ለሁላችንም ነውና።

ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ ማኅበሩ አስቀድሞ ጠጠሩን ያቅርብልን።